የአጎቷ ሁለተኛ ዓይን

ጋሼ ፊት አያስነኩም ነበር። ይህን ከመጀመሪያው ልናገር፤ ጠቡ ሁሉ የተነሳው ከዚህ ነው። ጋሼ የምላቸው ሥዕል ያስተማሩኝን ሽማግሌ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ፣ የሠዓሊ ልጅ፣ የሠዓሊ የልጅ ልጅ። በእሳቸው ሥርዓት ተማሪ ልብስ ይስላል፣ ዛፍ ይስላል፣ የፈረስ ኮርቻ ይስላል፣ የመላእክትን ክንፍ ላባ በላባ ይሞላል። ፊት ግን የመምህሩ ነው። ዓይን ደግሞ ከፊትም በላይ ነው፤ ሁሉም ነገር አልቆ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ራሳቸው መጥተው ያስገቡታል። እስከዚያ ድረስ ግድግዳው ላይ የቆሙት ቅዱሳን ሁሉ ፊታቸው ባዶ ነው። እኔ ለዓመታት ፊት የሌላቸውን ሰዎች ሳለብስ ኖርኩ። እንዲህ ያለ ሥራ ሰውን ነገረኛ ያደርጋል፤ እኔን አድርጎኛል።

ግድግዳው ያለው በስደት በምንኖርበት ከተማ ዳር፣ ዲር ፓርክ በሚባል ሰፈር ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ድሮ የዕቃ መጋዘን ነበር፤ ወለሉ ላይ ፎርክሊፍት የሚሄድበት ቢጫ መስመር አሁንም አልጠፋም። በመጋዘኑ መሐል አናጢዎቻችን አራት ግድግዳ አቁመው መቅደስ ሠሩ፤ ከሩቅ ለሚያየው አንድ ትልቅ ሣጥን ነው። የሣጥኑን የውጭ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል መሙላት የጋሼ ሥራ ሆነ፤ ልብሱን መሙላት የኔ። እኔ እዚያው ሰፈር ሌላ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ለቅሜ የማሽግ ሠራተኛ ነኝ። ከሞርኒንግ ሺፍት ስወጣ ብርቱካናማ የሥራ ቬስቴን እንኳ ሳላወልቅ ወደ ጋሼ እሄዳለሁ። በበጋ፣ በዚያ ቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ ቀለሙ ብሩሹ ላይ እያለ ይደርቃል። ላቤን እየጠረግኩ ስገባ ጋሼ የሚሉኝ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ዘገየሽ።»

ሌላም ሕግ አለ፤ እሱን ያላወቀ ሰው የቀረው አይገባውም። በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሰው ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያየናል። ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ሰማዕታትን የሚገርፍ ወታደር ግን በጎን ይሳላሉ፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ዓይን ቆጥሮ ማን እንደዳነ ማን እንደተኮነነ ያውቃል። ጋሼ በዚህ ቀልድ አያውቁም።

እኔ በእረፍት ሰዓቴ ኮሚክ፣ በተከታታይ ሥዕል የሚተረክ ታሪክ፣ እስላለሁ። ያደግኩበትን የኬንሲንግተንን ፍላት፣ የመንግሥት ኪራይ ቤቱን ፎቅ፣ ነው የምስለው፤ የሚሸተውን ሊፍት፣ በረንዳ ላይ የተሰጣውን ልብስ፣ ኢንስፔክሽን እያለች በየወሩ የምትመጣውን ሴትዮ። ቀለሙ የቤተ ክርስቲያን ቀለም ነው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ደማቅ ሰማያዊ፣ ዙሪያው በጥቁር የተከበበ። ጋሼ አንዴ አይተውታል። ገጹን በሁለት ጣታቸው ጫፍ ይዘው «የሕፃን መጫወቻ» አሉና እንደ ቆሸሸ ሶፍት መለሱልኝ። አልረሳሁላቸውም።

የምፈልገው አንድ ነገር ነበር። በዚያ ግድግዳ ላይ አንድ ፊት፣ ከነዓይኑ፣ በእጄ መሳል። ከዚያ በኋላ ከፈለጉ ያባርሩኝ። በግልጽ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ለምኛቸዋለሁ። «ገና ነሽ» ይሉኛል። ጸጉሬ መሸበት ጀምሯል፤ እኔ ገና ነኝ።

እንግዳዋ የመጣችው በዚህ መሐል ነው። ፉትስክሬይ የሚባል ሰፈር ያለ አንድ የባህል ማዕከል ከካናዳ አንዲት ሠዓሊ ጋበዘ። ሃይዳ የሚባለው ሕዝብ ተወላጅ ናት፤ አገራቸው ከካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍ ማዶ ያሉ ደሴቶች ናቸው። ቅድመ አያቶቿ በቤት ምሰሶና በእንጨት ሣጥን ላይ ይቀርጹት የነበረውን የአሣሣል ወግ ይዛ ኮሚክ ትሠራበታለች። የማዕከሉ አዘጋጅ ጺሙን ያሳመረ፣ ፈገግታው ከፊቱ የማይወርድ ወጣት ነው። «ሁለት ጥንታዊ ባህሎች ሲነጋገሩ» የሚል ነገር አሰበና ጋሼን ጠራ። እኔን የጠራኝ እንዳስተረጉም ነው። ኮሚክ እንደምስል ነገርኩት። «ዋው፣ አሜዚንግ» አለና ስሜን አስተርጓሚ ከሚለው ሥር ጻፈው።  ያም ሆኖ ገጾቼን በቦርሳዬ ሸጉጬ ሄድኩ።

ሴትዮዋ አምሳ ዓመት ያለፋት፣ አጭር፣ ክንደ ብርቱ ናት። አዘጋጁ ገና ከበሩ ሊያቅፋት ሲንደረደር መዳፏን ዘርግታ በርቀት አቆመችው። ወደድኳት። መውደዴ ብዙ አልቆየም።

ገጾቿን ረጅም ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችልን፤ ቅጂ አይደለም፣ በእጇ የሠራቻቸውን ራሳቸውን። እኔ የማውቀው ኮሚክ በቀጥታ መስመር በተከፋፈለ አራት ማዕዘን ነው የሚሄደው። የእሷ አራት ማዕዘን የለውም። አንድ ወፍራም ጥቁር መስመር ከገጹ ራስ ይነሳና እየሰፋ እየጠበበ፣ ሳይቋረጥ ይጠማዘዛል። ሥዕሎቹን የሚለያያቸውም የሚያያይዛቸውም እሱ ነው። እዚህ የጀልባ ጠርዝ ይሆናል፣ እዚያ የቁራ ምንቃር፣ ወረድ ሲል የሰው ቅንድብ። ገጹ ከሚቀጥለው ገጽ ጋር ሲጋጠም መስመሩም ይቀጥላል፤ ራቅ ብሎ ላየው ሁሉም ተሰብስቦ አንድ ትልቅ ዓሣ ነባሪ ነው። ታሪኩ የአጎቷ ነው፤ የእናቷ ወንድም፣ ዓሣ አጥማጅ፣ እሷን ያሳደጋት ሰው። ባለሥልጣናት መጥተው መረቡን ሊወስዱበት ሲሉ አልሰጥም ብሎ ጀልባው ላይ ይቆማል። በየገጹ የተሳለው በጎኑ ነው። በአንድ ዓይን።

ቀናሁባት፤ ምን እደብቃለሁ። ዓመታት የፈጀሁበትን ነገር ይቺ ሴት ማንንም ሳታስፈቅድ ሠርታዋለች። ገጾቼን አውጥቼ ከፊቷ አስቀመጥኩ። መነጽሯን አድርጋ አንድ በአንድ አየቻቸው፤ አልቸኮለችም።

«ልብሱ ሕይወት አለው» አለችኝ። «ሰዎቹ ግን የሉም። ይቺ ፊቷን አዙራለች፣ ይቺ በነጠላ ተሸፍናለች፣ ይሄ ልጅ ጀርባውን ሰጥቶኛል። የምትፈሪው ማንን ነው?»

ፊቴ ጋለ። አፍንጫሽን ላሺ ልላት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አዘጋጁ ከጎናችን ቆሞ ስልኩን ደቅኖ ይቀርጻል። ገጾቼን ሰብስቤ ቦርሳዬ ውስጥ ወተፍኳቸው።

ጋሼ ይህን ጊዜ ወደ ጠረጴዛው ቀርበዋል። በትራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው የሴትዮዋን ገጾች ዝቅ ብለው ሲያዩ ቆዩ። መስመሩን በጣታቸው፣ ወረቀቱን ሳይነኩ፣ ከላይ እስከ ታች ተከተሉት። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሥራው እንደገባቸው አየሁ፤ የኔን ሥራ አንድ ቀን እንደዚያ አላዩትም። ቀጥሎ ጣታቸው አጎቷ ላይ ቆመ።

«ይህ ሰይጣን ማነው?» አሉኝ።

«አጎቷ ነው ጋሼ። ያሳደጋት ሰው ነው። ጥሩ ሰው ነው።»

«ጥሩ ሰው? በጎን?»

«አዎ።»

አዘኑ። የእውነት አዘኑ፤ ዓይናቸው እንባ ሊያቀርር ምንም አልቀረውም። «ምስኪን» አሉ። «አስተማሪ አጥታ ነው። ሰው ያሳደገውን ለሲኦል ይሰጣል?» ይህን እያሉ እጃቸው ወደ ኮት ኪሳቸው ገባ። ያቺን ማንም የማያስነኳትን ቀጭን ብሩሻቸውን አወጡ። ጥቁር ቀለም ለማሳያ ተብሎ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ሲገባኝ ረፍዷል። ተማሪ ሥራውን ሲያቀርብላቸው ዕድሜ ልካቸውን የሚያደርጉትን ነው ያደረጉት፤ ብሩሹን ነከሩ፣ ትንፋሻቸውን ዋጥ አደረጉ፣ ከአጎቷ አፍንጫ ማዶ ሁለተኛ ዓይን አስገቡለት። ትልቅ፣ የሚያምር፣ የቅዱስ ዓይን።

«በያት እንግዲህ» አሉኝ ቀና ብለው። ደስ ብሏቸዋል። «አጎትሽን ከሲኦል አወጣሁልሽ በያት።»

ሴትዮዋ አልጮኸችም። መዳፏን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው፤ የቀለሙ ጠርሙስ ዘለለ።

«ለዚህ ሽማግሌ ንገሪው» አለችኝ። «ቃል ሳትቀንሺ ንገሪው። ከእሱ በፊትም መስቀል ያንጠለጠሉ ሰዎች መጥተው ፊታችንን ሊያስተካክሉልን ሞክረዋል። ምሰሶዎቻችንን ጣሉ፣ ሣጥኖቻችንን ጭነው ሄዱ። ደስ ብሏቸው ነበር እነሱም። እኔ እጁን ልኮ ሥራዬን እንዲነካ ጠይቄዋለሁ?»

አስተርጓሚ የሰውን ቁጣ ውሃ ይጨምርበታል። ለጋሼ ስንት ጊዜ አቅጥኜላቸዋለሁ፤ ለሐኪሙ፣ ለሴንተርሊንክ የድጎማ ቢሮ፣ ለባቡር ተቆጣጣሪው። ያን ቀን አላቀጠንኩም። ቃል በቃል ነገርኳቸው። እየነገርኳቸው ደስ እንዳለኝም አውቃለሁ።

ፊታቸው ዓመድ መሰለ። «እኔና እነዚያ አንድ ነን?» አሉ። «እኔ አዳንኩላት እንጂ!»

ሴትዮዋ እስክተረጉምላት አልጠበቀችም። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የሻይ ካርቶን አነሳችና ሻዩን ዘረገፈችው። በእስክሪብቶ ከካርቶኑ አንደኛው ጎን ላይ፣ ጠርዙን አስታክካ፣ ግማሽ ፊት ሣለች፤ አንድ ዓይን፣ ግማሽ አፍንጫ፣ ግማሽ አፍ። ካርቶኑን አዞረችው። በሚቀጥለው ጎን ላይ የቀረውን ግማሽ ሣለች። ጠርዙን ወደ ጋሼ ደቀነች፤ ሁለት ዓይን ያለው ፊት አፍጥጦ አያቸው።

«እኛ ሣጥን ላይ የምንስለው እንደዚህ ነው» አለች። «አንዱን ጎን ብቻ ያየ ሰው አንድ ዓይን ያያል። ሌላው ዓይን አልጎደለም። እሱ ነው ያልዞረው። ገጽም ለኔ የሣጥን አንድ ጎን ነው። ይህን ንገሪው።»

ነገርኳቸው። ጋሼ ካርቶኑን ተቀብለው ወዲያ ወዲህ አዞሩት።

«ካርቶን ነው» አሉና መለሱላት። «ሰይጣንም ዞር ቢሉለት ሁለተኛ ዓይን አለው ልትለኝ ነው? ይሁዳም?» ወደኔ ዞሩ። «አንቺስ? አንቺ ምን ትያለሽ?»

ሰው ሁሉ ያየኛል። እንደ ሁልጊዜው ዓይኔን ሰብሬ ዝም ማለት እችል ነበር።

«ተሳስተዋል ጋሼ» አልኩ። «የሰው ሥራ ላይ ነው እጅዎን ያስገቡት።»

«እኔ መምህር ነኝ።»

«የእሷ መምህር አይደሉም።»

አዘጋጁ ይህን ጊዜ አጨበጨበ። አማርኛ አይሰማም፤ የተጣላን አልመሰለውም፣ ወይም ጠቡም ለቪዲዮው ያምርለታል። «ሶ ፓወርፉል» አለ። «እንዲህ ያለ ኤክስቼንጅ ነበር የፈለግነው።»

«አንተ ዝም በል» አለችው ሴትዮዋ። በዚህ ብቻ ሦስታችንም ተስማማን። ገጿን በጨርቅ ጠቅልላ ስታበቃ ጋሼን ፊት ለፊት አየቻቸው። «ይህን ገጽ አላጸዳውም» አለች። «እንደዚሁ አሳየዋለሁ፤ ማን እንዳደረገውም እናገራለሁ።» ይህንንም ሳልቀንስ ነገርኳቸው።

ወደ ቤታቸው በመኪናዬ ስወስዳቸው ከፊት አልተቀመጡም። ኋላ ገብተው፣ ልክ ታክሲ እንደነዳሁላቸው፣ በመስኮት ሲያዩ ሄዱ። ሲወርዱ በትራቸውን መሬት ላይ አስቀድመው፣ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ግድግዳዬን እንዳትነኪ» አሉ። በሩን ዘጉት። ቀስ አድርገው ነው የዘጉት፤ ቢያጋጩት ይሻለኝ ነበር።

ጠላኋቸው። ከሥራ ስወጣ እግሬ በልማድ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይዞር ጀመር፤ መልሼ ወደ መኪናዬ እጎትተዋለሁ። ሴትዮዋንም ጠላኋት። አንድ ቀን መጥታ፣ የልቤን ተናግራ፣ ፕሌን ላይ ወጥታ ሄደች፤ እኔ ግን ያለ መምህርም ያለ ግድግዳም ቀረሁ። ኮሚኬን ለመሳል ስቀመጥ ያቺን ፊቷን ያዞረችውን ሴት ወደ ፊት ለማዞር እሞክራለሁ። ክብ አወጣለሁ፣ አፍንጫ አወጣለሁ፣ ዓይኑ ጋ ስደርስ እጄ ይቆማል። «የምትፈሪው ማንን ነው?» የሚለው ድምፅ በእንግሊዝኛ ይመጣል፤ «ገና ነሽ» የሚለው ደግሞ በአማርኛ። ስንቱን ወረቀት ቀድጄ ጣልኩ።

ቅዳሴ ቤቱ ሲቃረብ የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ሊቀመንበር ደወለልኝ። ይህ ሰው የራሱ ጉዳይ ነበረው። በድሮ ሥዕል ግርጌ ላይ ሥዕሉን ያሠራው ሰው በሆዱ ተኝቶ፣ እጆቹን ዘርግቶ ይሳላል። ሊቀመንበሩ ያ ቦታ የእሱ እንደሆነ ከወሰነ ቆይቷል፤ ሱፍ ለብሶ የተነሳውን ፎቶ ለጋሼ ልኮላቸው፣ ጸጉሩ እንዲበዛለትም ለምኗቸዋል።

«ዕቃሽን ክሊር አድርጊልን» አለኝ። «ክሊኒንግ ልናስጀምር ነው።»

«ጋሼ ናቸው ያሉት?»

«ጋሼማ ስላንቺ ምንም አይሉም። እኔንም ያንን ጥግ ለሌላ ሰጥቼዋለሁ ብለው ልኬን ነገሩኝ። እኔን! ስንት የለፋሁትን ሰውዬ!»

ከሥራ ስወጣ፣ ቬስቴን እንደለበስኩ፣ ሄድኩ። መጋዘኑ ውስጥ ከጋሼ በቀር ሰው አልነበረም። ግድግዳው አልቋል። ትቻቸው ስሄድ ባዶ የነበሩት ፊቶች ሁሉ ዓይን ገብቶላቸው አፍጥጠው ያዩኛል። ልብሳቸው የኔ ነው፤ እያንዳንዱን እጥፋት አውቀዋለሁ። ማንም ግን ልብስ አይቶ ማን ሣለው ብሎ አይጠይቅም። ጋሼ ባዶ የቀለም ባልዲ ገልብጠው ተቀምጠዋል።

«ዘገየሽ» አሉ።

ወደሳቸው ሳላይ ብሩሾቼን፣ ጣሳዎቼን፣ ጨርቆቼን መልቀም ጀመርኩ። የመጨረሻው ጣሳ ከመቅደሱ ግድግዳ ጥግ ሥር ነበር። ጎንበስ ብዬ እንዳነሳሁት ዓይኔ ግድግዳው ላይ ቀረ።

ግርጌው ላይ፣ ሊቀመንበሩ ሊተኛበት በቋመጠበት ቦታ፣ አንዲት ሴት በሆዷ ተኝታለች። የለበሰችው ብርቱካናማ ቬስት ነው፤ የሚያብረቀርቀው ብርማ መስመር ሳይቀር ተሥሏል። ጸጉሯ ከፊት ሸበት ብሏል። አፍንጫዋ የእናቴ አፍንጫ ነው። ፊቷ ግድግዳው የሚያልቅበት ጠርዝ ላይ ደርሶ ቆሟል። በጎን ነው የተሳለው። በአንድ ዓይን።

ደሜ ፈላ። ጣሳው ከእጄ ወድቆ ተንከባለለ።

«ሰይጣን አደረጉኝ?» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ቆርቆሮው ላይ ተጋጭቶ ተመለሰ። «በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ? ሕፃን ዓይን እየቆጠረ ይቺ ሴትዮ የተኮነነች ናት እንዲል? ስንት ዓመት የመላእክቱን ላባ ሞላሁ፣ ስንት ዓመት ሐኪም ቤት አመላለስኩ፤ አንድ ፊት ነፈጉኝ፤ አሁን ደግሞ የራሴን ፊት ወሰዱብኝ? ክፉ ነዎት! ክፉ ሰው ነዎት!»

«ጨረስሽ?» አሉ ጋሼ።

«አልጨረስኩም!»

«እንግዲያው ጨርሺና ውጪ። በሩ በዚያ በኩል ነው።» የገባሁበትን በር ትተው፣ በበትራቸው ከጥጉ ወዲያ፣ ወደ ትልቁ የጭነት በር አመለከቱኝ። የገባሁበት ቅርብ ነው ብዬ ልከራከርም አቅም አልነበረኝም። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ፣ እንባዬን በቬስቴ እየጠረግኩ፣ ጥጉን ዞርኩ።

ቬስቱ ይቀጥላል። ወፍራሙ ጥቁር መስመር ከዚያኛው ግድግዳ ተነስቶ፣ ጠርዙን ሳይቋረጥ ዞሮ፣ በዚህኛው ላይ ትከሻ ይሆናል፣ ክንድ ይሆናል፣ የተዘረጋ እጅ ይሆናል። የፊቴ ግማሽ እዚህ ነው፤ ጉንጬ፣ ጆሮዬ፣ የአፌ ሌላው ጫፍ። ቅንድቡም አለ። ከቅንድቡ ሥር ግን ምንም የለም። ዓይኑ የሚገባበት ቦታ ነጭ ነው፤ አልተነካም።

ከሥሩ፣ ቢጫው መስመር ላይ፣ ጥቁር ቀለም በትንሽ ኩባያ ተቀምጧል። ያቺ ቀጭን ብሩሻቸው ኩባያው አፍ ላይ ተጋድማለች። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ብሩሿን ሳነሳት ከወዲያኛው ግድግዳ በኩል ባልዲው ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ሊነሱ ነው ብዬ ጠበቅኩ፣ አልመጡም።

«እጄ ይንቀጠቀጣል ጋሼ» አልኩ።

«ይንቀጠቀጥ» አሉ። «እንዳታበላሺው ብቻ።»